አንገቴ ላይ የተሳሉት ነጥቦች

ከቤሩት የተመለሰችው ጓደኛዬ ደብረ ታቦር በከፈተችው ፀጉር ቤት ወንበር ላይ አጋድማኛለች። ከአገጬ ስር ያለውን ስብ የሚያቀልጥ መርፌ ልትወጋኝ አንገቴን በእስክርቢቶ ነጥብ ነጥብ አድርጋዋለች። አብራኝ የመጣችው እናቴ ነጥቦቹን አየችና «እስቲ ውሃ ተጎንጪ» አለችኝ። ስውጥ ስብ ያልነው እብጠት ከፍ ብሎ ተመለሰ።

«ይሄማ እንቅርት ነው!»

«ኧረ እማማ፣ እኔ ቤሩት ስንቱን ሲወጉ አይቻለሁ!» አለች ጓደኛዬ።

«አይተሻል እንጂ መች ተማርሽ? መርፌውን አስቀምጪ!» ብዬ ተነሳሁ።

ነጥቦቹን ሳልጠርግ ከእናቴ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ዳሰሰኝና «እንቅርት ነው። ስብ ቢሆን እንኳ ሐኪም ሳያይሽ፣ ያውም ፀጉር ቤት፣ አይወጋም» አለኝ።

ስንወጣ እናቴን «በምን አወቅሽ?» አልኳት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አሳየችኝ።

«እኔንም በልጅነቴ እንቅርትሽን ያጠፋልሻል ብለው ነቀሱኝ። ይኸው፣ ንቅሳቱም አለ፣ እንቅርቱም አለ።»