ካባ የለበሰው አባ ኮዳ

እዚህ በሰው አገር፣ ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ያገራችን ልጅ የውሃ ቀለም ሥዕሎቿን ታሳያለች ሲሉኝ ሄድኩ። ክራባት ያሰረውን ቀጭኔ፣ ዳኛ ወንበር ላይ የተቀመጠውን አዞ አልፌ አባ ኮዳው ጋ ስደርስ እግሬ ተያዘ። ያ ራሰ በራ አሞራ የዩኒቨርሲቲ ካባ ደርቦ፣ ከሌላ ወፍ የነጠቀውን ዓሣ በመንቆሩ ይዟል። የማስተርስ ጥናቴን በራሱ ስም ያሳተመው አማካሪዬ፣ ቁርጥ እሱን! ልሄድ እልና ተመልሼ አየዋለሁ።

«እኅቴ፣ ይኼን ሰውዬ የት ታውቂዋለሽ?» አልኳት ሠዓሊዋን።

ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! ትናንት አንዷ ‹ባሌን ነው የሣልሽው› ብላ ተቆጣችኝ። እኔ የሣልኩት ሌባ ነው፤ ስም የምታወጡለት እናንተ ናችሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ካለው ግራር ላይ አንድ እውነተኛ አባ ኮዳ ቁልቁል ያየኛል። ግራ ቀኝ አይቼ ሰው አለመኖሩን ሳረጋግጥ፣

«ጥናቴን መልስ!» አልኩት።