ጓንቱ ውስጥ ያልነበረው ብረት

ሲኒማ ቤት ጓዳ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የድሮው የቦክስ ሻምፒዮን አቶ አበጋዝ በሕይወታቸው ላይ የተሠራውን ፊልም ለብቻቸው አይተው መጨረሳቸው ነው፤ አዘጋጇ ማራማዊት በአስር ሰዓት ለሕዝብ ታሳየዋለች።

አበጋዝ፦ እሷን ቦታ ብቻ ቁረጪልኝ። ሌላውን እንዳሻሽ።

ማራማዊት፦ የቷን፣ ጋሼ?

አበጋዝ፦ ተጋጣሚዬ ወርዶፋ ጓንቱ ውስጥ ብረት ሲደብቅ የሚታይባትን።

ማራማዊት፦ እሷ ከወጣችማ እርስዎ አንድ ምስኪን በቡጢ ገድለው ዋንጫ ሲስሙ ብቻ ነው የሚታዩት።

አበጋዝ፦ እኮ። የሆነውም እሱ ነው።

ማራማዊት፦ እንዴት?

አበጋዝ፦ ብረት የሚባል ነገር አልነበረም።

ማራማዊት፦ በራስዎ አንደበት አይደል እንዴ የነገሩኝ? «ጓንቱን ሲያወልቁለት ብረት ዱብ አለ» ብለው። ድምፅዎን ቀድቼዋለሁ።

አበጋዝ፦ ብያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነፍስ አጥፊ ስባል ኖሬ፣ አንቺ መጥተሽ አፍ አፌን እያየሽ «እሺ፣ ከዚያስ?» ስትይኝ ጣፈጠኝ።

ማራማዊት፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብን።

አበጋዝ፦ ተረቱን እኔም አላጣሁትም። ቁረጪው።

ማራማዊት፦ እጄ ላይ የለም፣ ጋሼ። ፊልሙ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ሰው ንብረት ነው። እኔ ቅጥረኛ ነኝ። ዛሬ አዋሳም ጅማም በዚሁ ሰዓት ይታያል።

አበጋዝ፦ ከወርዶፋ ቤተሰብ ጋር የታረቅን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ቀረብኩ። ድንጋዩን ከትከሻዬ ያወረደችው ሚስቱ ስንቅነሽ ናት። የሟቹን ስም በክፉ ላላነሳ፣ ልጁን ልጄ ላደርግ ምያለሁ።

ማራማዊት፦ ይሄን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

አበጋዝ፦ ይሄን ነግሬሽ ያንን በየት በኩል ልዋሽሽ?

ማራማዊት፦ ልጁ ማለት ገመዳ? አባቱን ሆኖ የተወነው?

አበጋዝ፦ አዎ። ያሳደግኩት ልጅ ያንን ብረት በገዛ እጁ ሲከት ሳይ ፈራሁ፣ ልጄ። ያን ያህል ቡጢ ስቀበል እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ማራማዊት፦ እኔስ ምን ላድርግ? በሩ ሊከፈት ነው።

አበጋዝ፦ እንግዲያው በሩ ላይ እቆማለሁ። ስንቅነሽ ሳትገባ እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ የፈረደችውን ትፍረድ።

ማራማዊት፦ እሳቸው አይመጡም።

አበጋዝ፦ የጥሪ ካርዱን እኔ ነኝ ያደረስኩላት። እመጣለሁ ብላኛለች።

ማራማዊት፦ ገመዳ መጀመሪያ «አባቴ እንዲህ አያደርግም፣ አልሠራም» ብሎኝ ነበር። ድምፅዎን አሰማሁት። እስኪያልቅ ሰማና «ያሳደገኝ አባባ በአባቴ ላይ አይዋሽም» አለኝ። ትናንት ለእናቱ ነገራቸው። እሳቸውም ተነሥተው የባላቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱት አሉ።