ጠረጴዛ ስር የዋለው ጾመኛ

ወንዳወቅ ጠረጴዛ ስር የገባው ለሥራ ነበር፤ ይሄ ይያዝለት። የፍኖተ ሰላሙ የገበሬዎች ዩኒየን መዝገብ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ አቻምየለሽ «ኔትወርኬ ጠፋ፣ ገመዱን እይልኝ» ብለው ስለጠሩት፣ የዩኒየኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ነውና፣ በአራት እግሩ ገባ። ጭንቅላቱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ በሩ ተከፈተና የአንዲት ሴት ሰላምታ ሰማ። ድምፁን ያውቀዋል። የሜላት አክስት፣ የእትዬ ሸጋዬ ነው።

ከማንኩሳ ድረስ ምን እንዳመጣቸውም ያውቃል። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ሜላትን አስጠይቋል። ቤተ ሰቦቿ «አጣርተን እንነግራችኋለን» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኝተዋል። የሚያጣራው ሰው ይኸው መጣ። ታዲያ አሁን በመቀመጫው በኩል ከጠረጴዛ ስር እየወጣ ለሜላት አክስት እጅ ሊነሣ ነው? እስኪሄዱ ልታገሥ ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ጀመረ።

«ኖር እትዬ ሸጋዬ፣ እዚህ ይቀመጡ… ያኛው ወንበር እግሩ ይነቃነቃል፣ ይሄኛው ይሻላል። ማንኩሳ እንዴት ሰነበተ? በቆሎው ሁሉም ገባ? እሰይ። ላሟስ ወለደች?… ጥጃዋ ሴት ናት? ተመስገን ነው። እኛም ደህና ነን። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ መብራት ደግሞ ሲያሰኘው። እግርዎን ዘርጋ ያድርጉ እንጂ፣ ከመንገድ ነው የመጡት። ጠረጴዛው ስር ሰፊ ነው። ትንሽ ገመድ ምናምን አለ… አይደንግጡ፣ አይናከስም።»

አይናከስም? ወንዳወቅ ጆሮው ቆመ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ራሳቸው ጠርተው ራሳቸው ያስገቡት መሆኑ ያን ጊዜ ታወሰው። ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች አፍንጫው ድረስ ተዘረጉ። ከእትዬ ሸጋዬ የሚታየው ይሄው ብቻ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለዚያ ልጅ» የሚል ነገር ጠየቁ።

«ስለሱማ ምኑን አውቄው? የቢሮ ሰው ነን እኮ፤ ጠዋት እንዴት አደርክ፣ ማታ ደህና እደር፣ አለቀ። ሰው ማማት ደግሞ እንደማልወድ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። ይልቅ እስከዚህ ከደከሙ አይቀር ስለ ሌላ ሰው ላጫውትዎ። ማን ነው፣ የት ነው ብለው አይጠይቁኝ… ሩቅም አይደል።

«ይሄ ሰው ጾመኛ ነው። የእህሉንማ ሁላችንም እንጾማለን፤ እሱ ፕሮግራም ይጾማል። ሳቁ? እውነቴን እኮ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚሉት አለ፤ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ሆዱን ከፍቶ አይቶ የፈለገውን የሚያቃናበት። እንደ ጠበል ነው ይላል፣ ማንም ቢቀዳ ከልካይ የለው። ባለቤት ያለው፣ ውስጡን ለሰው የማያሳይ ዝግ ፕሮግራም ሲያይ ግን በዓርብ ቀን ክትፎ እንደቀረበለት ሰው ፊቱን ያዞራል። እንዴት ያለ መታደል ነው? እኔ ደካማዋ በጾም ወተት ቢያምረኝ ቢያንስ ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ… ያው ሁሉም እንደ አቅሙ ነው።»

የፕላስቲክ ጫማዎቹ በሳቅ ተነቃነቁ። ወንዳወቅ ደግሞ ላብ አጠመቀው። ወጥቶ «ስለኔ ነው የምታወሩት?» እንዳይል፣ ስሙን ማን ጠራው? አሽሙር ክፋቱ ይሄ ነው፤ የመለሰለት ሰው ልኩ ሆኖ ይለብሰዋል። ቢያስነጥሰው እንኳ መልስ የሰጠ ይመስላል። የኔትወርኩን ገመድ አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰ።

«በኅዳር፣ በቆሎው ሲገባ፣ ከቡሬ አዲስ ሚዛን መጣልን። ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር ሚዛን ነው። ለመነጋገር ግን ማስኬጃ ያስፈልገዋል፤ ራንታይም ይሉታል። እሱ ካልተጫነ የሚዛኑ ፕሮግራም ንቅንቅ አይልም። ማስኬጃው ደግሞ ያው ከዝግ ወገን ሆኖ ተገኘ። እኔ ያልገባኝ ሴት በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ‹ታዲያ ለምን አይጫንም፣ ገበሬው ቆሟል እኮ› አልኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በአርባ ገበሬ ፊት ‹እትዬ የሰው አሽከር መሆን ለምዶባቸዋል› አለኝ። ደስ አለኝ በእውነት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ምን እንደሆንኩ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር የኖርኩት።

«ከዚያማ ነፃ የሆነ ምትክ አለ ብሎ አመጣ። ሦስት ቀን ታገለው። አቶ አድማሴ ሃያ ኩንታል ጭነው መጥተው ሚዛኑ ሁለት ብሎ ነገራቸው። በማግስቱ ደግሞ ሁለት መቶ አለ፤ አህያዎቹን፣ መንገዱንና እሳቸውን ጨምሮ መዝኖላቸው ይሆናል። ያ ሰው ግን ፍንክች አላለም። ገበሬው በረንዳችን ላይ ያድራል፣ በቆሎው በጤዛ ይርሳል፣ እሱ ‹ነፃነት ዋጋ ያስከፍላል› ይላል። የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ዋጋ መቼ ይከብዳል?… ማለቴ፣ እንዴት ያለ ጽናት ነው። ወንድምዎ አቶ ስመኘውስ እዚያው በረንዳ ላይ ሁለት ሌሊት አድረው አልነበር? ወገባቸው ተሻላቸው?»

ጫማዎቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አቶ ስመኘው የሜላት አባት ናቸው።

«ብቻ በአራተኛው ቀን ሚዛኑ ተነሣ። ገበሬው እልል አለ። ‹በነፃው ነው ያስነሣሁት› አለ ሰውዬው፤ ሥራ አስኪያጁም በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነው። ከአዴት ሳይቀር ሊያዩ መጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ አስረዳቸው፤ አንዴም ውሃ አልጠጣም። እኔስ ምን አውቃለሁ። ጃንጥላዬን ረስቼ በምሳ ሰዓት ተመለስኩ እንጂ ምንም አላየሁም።»

ወንዳወቅ ስለ ጃንጥላው አልሰማም ነበር። በሩን የዘጋ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ የወጣ መስሎት ነበር እኮ። እውነቱ ደግሞ ይሄ ነው፤ ዝጉን ማስኬጃ የጫነው ለአቶ ስመኘው አዝኖ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ኩርምት ብለው፣ በጆንያ ተሸፍነው ሲንቀጠቀጡ አይቷል። ይሄን አሁን ወጥቶ ቢናገር የሜላት አክስት ይወዱት ይሆናል። ለመናገር ግን መጀመሪያ ዋሽቻለሁ ማለት አለበት። ያም ቢሆን ከጠረጴዛ ስር ነው። አፉን ከፈተና መልሶ ገመዱን ነከሰ።

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንድ ሰው ጋቢውን ከነኮምፒውተሩ ተከናንቦ ተቀምጧል። እኔ ጉንፋን ይዞት የሚታጠን መስሎኝ እግዜር ይማርህ ልለው ነበር። በጋቢው ጫፍ ግን ስክሪኑ ይታያል። ውል ነው፤ ወርዶ ወርዶ የማያልቅ ውል። ከታቹ ‹አንብቤ ተስማምቻለሁ› የሚሉባት ትንሽ ሳጥን አለች። ይሄ እንግዲህ ገበሬውን ‹ሳታነቡ እንዳትፈርሙ› እያለ የሚመክር ሰው ነው። የማንበብ ሰው ነው መቼም፤ ዲቁናም አለው። ያን ሁሉ ውል አንብቦ ለመጨረስ ምን ያህል ቢፈጅበት ጥሩ ነው?… ጃንጥላዬን ከወንበሩ ላይ እስካነሣ አልቆየም። አማተበ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሳጥኗን ነካት። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነብ ሰው እርስዎ አይተው ያውቃሉ? እኔ ያን ዕለት አየሁ።

«የጫነውን የት ቢያኖረው ጥሩ ነው? ‹መዝሙር› ብሎ የሰየመው ማኅደር ውስጥ። እኔ የነቢያት ጾም ነው፣ ጆሮዬ ይባረክ ብዬ ከፈትኩት… ዜማ የለውም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን በራሱ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይልና ‹አዲስ ስሪት መጥቷል፣ ልጫን ወይ› ይላል። ያኔ ያ ሰው ከየትም ሮጦ መጥቶ ይዘጋዋል። በቀደም ለታ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ብቅ አለበት። በሁለት እጁ ስክሪኑን እቅፍ አደረገው። ቄሱ ‹ምን ሆኖ ነው?› ቢሉኝ ‹ሥራውን ይወዳል› አልኳቸው። ዋሸሁ?»

ጫማዎቹ ቀስ ብለው ተሰበሰቡና ወንበሩ ስር ገቡ። ወንዳወቅ ይሄን አልወደደውም። እግር ሲዘረጋ ሰውየው ቤተኛ ነው፤ ሲሰበሰብ ግን ለመሄድ ነው። ትንሽ ወደፊት ልሳብ ሲል ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ሆድ ጋር ተጋጨ። ከላይ ብርጭቆ ተንጫጨ።

«አይጥ ናት፣ ይተዋት። ቢሮአችን አይጥ አያጣም፤ እሷም ምስኪን ናት፣ መውጫው ጠፍቷት ነው።

«ደግሞ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ ያ የነገርኩዎ። ፕሮግራም ነው የደበቀው፣ ሴት አይደለም። አንዱን የደበቀ ሌላውንም ይደብቃል ያለ አለ? እኔ አላልኩም። እኔማ የምለው፣ ትዳር ቢይዝ ሚስቱ አትቸገርም ነው። ስታጠፋ በአርባ ሰው ፊት ቆሞ ይነግራታል። እሱ ሲያጠፋ ደግሞ ጋቢውን ይከናነባል፤ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይጨቃጨቅም። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ቤት ከየት ይገኛል? በረንዳ ላይ ሁለት ሌሊት ያሳደረውን አማቱንም ቢሆን፣ ከሠርጉ በኋላ መቼም ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል።

«ሊነሡ ነው? እሺ፣ የማንኩሳው መኪና እንዳያመልጥዎ። ስለዚያ ስለጠየቁኝ ልጅ ምንም ሳልነግርዎ ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የማላውቀውን ማውራት አይሆንልኝም። ቢያንስ ልመርቅዎ እንጂ፣ ባዶ እጅዎን አይሂዱ።»

ወይዘሮ አቻምየለሽ መነሣታቸውን ወንዳወቅ ከወንበራቸው መጮህ አወቀ፤ ለምርቃት ሁለት እጃቸውን ሳይዘረጉ አልቀሩም።

«መንገድዎን ያቅናልዎ።»

እትዬ ሸጋዬ አሜን አሉ።

«ሜላትን ከክፉ ሁሉ ይሰውርልን፤ ወንድምዎንም ጤና ይስጥልን።»

አሜን አሉ፣ ከበፊቱም ጠንከር አድርገው።

«ለዚያ ላጫወትኩዎ ሰውም የልፋቱን ዋጋ አያሳጣው… እግዚአብሔር እሱን የመሰለች ሚስት ይስጠው። በጠባይዋ እሱን፣ በቃሏ እሱን፣ አንዳች ሳይጎድላት ልክ እሱን የመሰለች።»

እትዬ ሸጋዬ አሜን አላሉም። ጫማዎቹ ወደ በሩ ዞረው ቆመዋል፤ የማንኩሳ መልስ ምን እንደሚሆን ከጀርባቸውም ይታወቃል። ወንዳወቅ ግን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በቋሪት ገበዘ ማርያም በቤተ ክህነት ያደገ ልጅ ነው። ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት አፉ አልተማረም። ገመዱን ከአፉ አወጣና፣ ምን እያለ እንደሆነ ሳያውቀው፣ ከጠረጴዛው ስር በጠራ የዲያቆን ድምፅ «አሜን» አለ።