በቁም የተለበሰ ነጭ ልብስ

ዕለቱ ዓርብ፣ የጥምቀት ዋዜማ ነበር። ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው መንገድ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። አያ ጣሰው ከሰፈራቸው ርቆ ካለው አውድማ ላይ ሳምንቱን ሰንብተው፣ ገብሳቸውን ወቅተው፣ ቤታቸውን እንኳ ሳያዩ በቀጥታ ወደ ገበያ መውረዳቸው ነው። አህያዋን ከፊት አስቀድመው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ገብሱ ቢያፈራም ያጉረመርማሉ፣ ባያፈራም ያጉረመርማሉ። የጋይንት ሰው ይህን አመላቸውን ስለሚያውቅ ማንም አይቀየማቸውም።

ከእስቴ የሚመጣው መንገድ ከገበያው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ካኪ ኮት የለበሰ አንድ ወጣት እየተጣደፈ ብቅ አለ። የጎረቤታቸው የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ አንዳርጌ ነበር። መካነ ኢየሱስ ከተማ በትምህርት ቤት ያስተምራል። አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እንደምን ሰነበቱ አያ ጣሰው?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ምነው እንዲህ ላብ በላብ ሆንክ? ያ የተሸከምከውስ ምንድን ነው?»

«ጋቢና ቀሚስ ነው፤ ከነነጠላው። ለአባቴና ለእናቴ» አለ አንዳርጌ፣ የጥቅሉን ጫፍ ገለጥ አድርጎ እያሳየ።

የዚያን አገር ልማድ የማያውቅ ሰው በዚህ ምንም አይደነግጥም። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ግን ሩቅ ያለ ልጅ፣ ሠርግ በሌለበት፣ አዲስ ነጭ ልብስ ይዞ ወደ አባቱ ቤት ሲጣደፍ ከታየ፣ ያ ልብስ መግነዝ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። አያ ጣሰው ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«እሪ! ወይኔ ጎረቤቴ! ወይኔ መሪጌታ! ወይኔ ወለተ ጊዮርጊስ! ሁለቱም ባንድ ቀን! እኔ አውድማ ላይ ከብት ሳዞር!»

ከፊታቸው የቅቤ ቅል ተሸክመው ይሄዱ የነበሩ ሴቶች ዘወር አሉ። ከመካከላቸው ማሚቴ የምትባለው ቅቤ ነጋዴ፣ ወሬ በእጇ ከገባ የማታሳድር ሴት፣ ደረቷን አንዴ መታች። ከዚያ ባልንጀሮቿን አስከትላ ወደ ገበያው ገሰገሰች።

«ኧረ አያ ጣሰው፣ ኧረ ይረጋጉ! ማንም አልሞተም!» ብሎ አንዳርጌ እጃቸውን ያዛቸው። ሳቁን ለመዋጥ ቢታገልም አልሆነለትም። «ሁለቱም ደኅና ናቸው። እሑድ ቃና ዘገሊላ አይደለም? የተጋቡት በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። እኛ ልጆቻቸው ቀኑን ልናስብላቸውና ስጦታ ልንሰጣቸው ተስማማን።»

አያ ጣሰው እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ተናደዱ። እንባ በከንቱ የፈሰሰበት ሰው መናደዱ አይቀርም። በዚህ ንዴት ውስጥ ሆነው ማሚቴን መልሶ መጥራት ትዝ አላላቸውም።

«እና ለዚህ ነው አገር ያስጮኽከኝ? ልጅ ለወላጁ ስጦታ! የት የታየ ነው? አባት ልጁን ያለብሳል፣ ይድራል፣ ይመርቃል። ልጅ አባቱን ማልበስ ከጀመረ፣ አባትየው ምን ቀረው?»

«ክብሩ ነዋ የቀረው፤ የበለጠ ክብር። እርስዎ በሬ ጠምደው ያሳደጉት ልጅ ያንን እንዳልረሳ በእጁ ሲያሳይዎ የሚያዋርድዎ እንዴት ነው?»

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው። እስቴ ላይ ከመጻሕፍት ለቃቅመህ ያመጣኸው። ጋብቻ የእግዚአብሔር ነው። ቀኑን እንደ ታቦት ንግሥ ማክበር ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ለዓይን መጋለጥ ነው። ስንት ዓመት አብረው ኖሩ ብሎ ሰው ሲቆጥር ደግ አይመጣም። እኔ ያገባሁበትን ቀን አላውቀውም። ማን ቆጥሮት!»

አንዳርጌ አህያዋን ከጎርፍ ቦይ መለስ አድርጎ፣ በትሕትና ግን ሳይፈራ ቀጠለ። «አያ ጣሰው፣ እኛ ቀን የማናስብ ሰዎች ነን እንዴ? ጽዋ እንጠጣ የለም ወይ በየወሩ? አባታችን የሞተ እንደሆነ አርባውን፣ ሰባት ዓመቱን እናወጣ የለም ወይ? በሬ እናርዳለን፣ እህላችንን እናራግፋለን። የተዝካሩ ባለቤት ግን ያንን ሁሉ አይቀምሰውም። ጠላውን ጠጥቶ ‹ልጄ ተባረክ› አይለንም። ተዝካር ይቅር አላልኩም፤ ለነፍስ የሚደረገው ይደረግ። ግን ያ ሁሉ ፍቅር እስኪሞቱ ለምን ይጠብቃል?»

አያ ጣሰው በዚህች ነገር ትንሽ ተነክተው ነበር፤ ይህን ግን ለአንድ አስተማሪ ቢቆርጧቸውም አይናገሩም።

«ደሃ የሆነውስ ልጅ?» አሉ ሌላ በር ሲያገኙ። «አንተ የወር ደመወዝ አለህ። ወንድምህ ደሴ ገበሬ ነው። ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ ይፈር?»

«ደሴማ ከሁላችን በለጠን! እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጣ አይደል? ከደጃፉ ላይ በድንጋይና በጭቃ መደብ ሠራላት፣ መደገፊያ ያለው። ያወጣው ነገር ጉልበቱን ብቻ ነው። ስጦታ ማለት ይሄ ነው እንጂ መግዛት ግዴታ አይደለም። ጌታችንም ቃና ላይ ሠርግ ሲጠራ ከእናቱ ጋር ሄደ። ያንን ወይን የሰጠው እኮ ለሙሽሮች ነው።»

«ተው! መጽሐፉን ከአባትህ ሰርቀህ በእኔ ላይ አታዙር። መሪጌታን እኔ አውቃቸዋለሁ። ይህን ጋቢ ከነጥቅሉ ይመልሱልሃል። እኔም እንዲሁ መልሻለሁ!»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ሳያስቡት አመለጠቻቸው። አንዳርጌ ነገሩን ሰምቶ ነበርና አንገቱን ደፋ። ባለፈው ዓመት ስማዳ የተዳረችው ልጃቸው ተዋበች፣ የራሷን ጥጥ ፈትላ፣ አሠርታ፣ ጥለት ያለው ቀሚስ ለእናቷ ይዛ መጥታ ነበር። አያ ጣሰው ግን «እኔ በሕይወት እያለሁ ሚስቴን ሌላ ሰው አያለብሳትም» ብለው ቀሚሱን መልሰው አሸከሟት። ተዋበች ከዚያ ወዲህ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። እናቷ እማማ አመተ ማርያም ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አፍ አውጥተው አልተናገሩም። ግን ከስማዳ መንገደኛ መጣ በተባለ ቁጥር ከቤት ይወጣሉ፤ ማንነቱን ያዩና ተመልሰው ይገባሉ። አያ ጣሰው ይህን ያያሉ። ቃሌን አጠፍኩ ላለማለት ግን ዓመቱን በጉርምርምታ አሳለፉት።

ገበያው ጥግ ሲደርሱ ተለያዩ። «እሑድ ይምጡ» አለ አንዳርጌ። «እመጣለሁ» አሉ አያ ጣሰው፤ «ሲመልሱልህ ለማየት!»

ቅዳሜ ሁሉም በየታቦቱ ጥምቀትን ሲያከብር ዋለ። እሑድ ረፋድ ላይ አያ ጣሰው ሚስታቸውን ይዘው መሪጌታ ቤት ደረሱ። በግ ታርዷል፣ ደጁ ተጠርጓል። አንዳርጌ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ አባቱ ፊት ቆመ። አያ ጣሰው አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ፤ አሁን ይመልሱታል ብለው። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጋቢውን ተቀበሉ፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ለበሱት፣ ከዚያም እንደ ሕፃን ዞር ዞር ብለው ጀርባቸውን ለሰው ሁሉ አሳዩ። እሜቴ ወለተ ጊዮርጊስ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው ደሴ በሠራው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበርና «ኧረ ይቀመጡ መሪጌታ፣ ሙሽራው እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ!» ሲሏቸው ቤተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳያበቃ ከኮረብታው ላይ የዋይታ ድምፅ መጣ። ከሩቅ ደብር የመጣ ሰው፣ ወንዱ ኩታውን በለቅሶ ደንብ አደግድጎ፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ፣ «ወይ መሪጌታ! ወይ እሜቴ!» እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ከፊት ያለው አያሌው የሚባል ሰው አጥሩን አልፎ ሲገባ፣ ሟቹ መሪጌታ ነጭ ለብሰው ቆመው አገኛቸው።

«በስመ አብ!» አለና በቁሙ ወደ ኋላ ሄዶ ከኋላው ባሉት ላይ ወደቀ።

ጉድ ተፈላ! ከፊሉ ያማትባል፣ ከፊሉ ይሸሻል፣ ከፊሉ ያለቅሳል። «ማን ሞቱ አላችሁ?» ይላሉ መሪጌታ፤ የሚሰማቸው የለም። በመጨረሻ ከአልቃሾቹ ጋር የመጣችው ቅቤ ነጋዴዋ ማሚቴ ጣቷን ቀሰረች። «አያ ጣሰው ናቸው! በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መንገድ ላይ እሪ ያሉት እሳቸው ናቸው!»

አያ ጣሰው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ። እያፈሩ፣ እየተንተባተቡ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ተናገሩ። ያ ሁሉ አልቃሽ ሳቁን ለቀቀው፤ አጥሩ እስኪነቃነቅ ተሳቀ።

አዛለች የተባሉ አሮጊት ከራሳቸው ላይ ለለቅሶ ቤት ያመጡትን ትልቅ ድፎ ዳቦ አወረዱ። «መሪጌታ፣ ለእዝንዎ ብዬ ነበር የጋገርኩት። እንግዲህ ምን ላድርገው?»

«ወዲህ አምጪው» አሉ መሪጌታ። ባርከው ቆረሱ፣ ለሚስታቸው አጎረሱ፣ ራሳቸውም ጎረሱና እያላመጡ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «እዝኔን ቀመስኩት። ይጣፍጣል! እግዚአብሔር ይስጥሽ አዛለች።»

አሮጊቷ በደስታ እልል አሉ። ለስንት ሰው እዝን ተሸክመዋል፤ ‹ይጣፍጣል› ያላቸው ሟች ግን እስከዛሬ አልነበረም። አያ ጣሰው ይህን አዩ። አንዳርጌ መንገድ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በዚያች ጉርሻ ውስጥ ታያቸው።

በዚህ መካከል ሌላ ዋይታ መጣ፤ የአንዲት ሴት ብቻ። ወሬ ሲርቅ መልኩ ይለወጣል። ስማዳ ሲደርስ «አያ ጣሰው መንገድ ላይ እሪ ሲሉ ነበር፣ ቤታቸው ሰው ሞቷል» ሆኖ ነበር። የአባቷን ቤት ባዶ አግኝታ ወደ ጩኸቱ የመጣችው ተዋበች ነበረች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ እግሯ በአቧራ ነጥቷል። በሁለት እጇ አንድ ጥለት ያለው ቀሚስ ከፍ አድርጋ፣ የሟች ልብስ በለቅሶ ላይ እንደሚያዝ ይዛ፣ «እማዬ! ሳትለብሺው! አንድ ቀን ሳትለብሺው!» እያለች ገባች።

ሁሉም ቀሚሱን አወቀው። ከሁሉም ይልቅ አያ ጣሰው አወቁት። በዚያች ቅጽበት ሚስታቸው በእርግጥ ሞተው ቢሆን፣ ይህ ልብስ አንድ ቀን ገላቸውን ሳይነካ እንዲህ በአየር ላይ ተይዞ ቢለቀስበት ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር አሰቡ።

«ልጄ! አለሁ! አለሁልሽ!» ብለው እማማ አመተ ማርያም ሮጡ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ተዋበች የእናቷን ፊት በእጇ እየዳሰሰች ደጋግማ ትስማቸዋለች።

አያ ጣሰው ቀረብ ብለው ቀሚሱን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ። አቧራውን አራገፉ። ከዚያ በሕዝብ ፊት፣ በገዛ እጃቸው፣ በሚስታቸው ትከሻ ላይ ደረቡት።

«ጎበዝ፣ ስሙኝ» አሉ። «ዓርብ ዕለት ከዚህ ልጅ ጋር ተሟግቼ ነበር፤ ረታኝ። የልጅ ስጦታ አባትን የሚያሳንስ መስሎኝ ነበር። ያሳነሰኝስ ዓመት ሙሉ ልጄን ማጣቴ ነው። ስጦታው ያስታርቃል፣ የራቀውን ልጅ ያቀርባል፣ ወንድምና እህትን ባንድ ደጅ ያገናኛል። ያለው ጋቢ ያምጣ፣ የሌለው መደብ ይሥራ፣ ያም ካቃተው መጥቶ ይሳም። ግን ስንሞት ሳይሆን፣ ዓይናችን እያየ ይሁን። መሪጌታ እዝናቸውን ቀምሰዋል፤ እኔም እንዲጣፍጠኝ እፈልጋለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። አልቃሹ ለእዝን የያዘውን ጠላና እንጀራ ሁሉ አወረደ፤ ያ ለቅሶ የመጣ ሕዝብ እስኪመሽ ጨፈረ።

እማማ አመተ ማርያም ጥለቱን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ወደ ባላቸው ዘንበል አሉ። «አንተ ሰው፣ የኛስ ቀን መቼ ነበር? አንተ እንደሆንክ አታውቀው።»

«የአስተርዮ ማርያም ማግስት!» አሉ አያ ጣሰው ሳያስቡ፤ ከዚያ እንደ ተያዘ ሌባ አፋቸውን ያዙ። አንዳርጌ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ እየሳቀ።

ተዋበች እንባዋን ጠረገች። «አስተርዮ እኮ ገና አላለፈችም አባዬ» አለች።

«አላለፈችም» አሉ አያ ጣሰው፣ እንደ ልጅ ቸኩለው፤ «ወዴትም እንዳትሄጂ።»