ዳገት ላይ የተገፋችው አዲስ መኪና

የወንድሜን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ስነዳ ነው። ትንሽ ናት፣ አነሳሷ ግን ጥይት ነው። ከማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ስወጣ ዳገቱ ላይ አህዮች መንገድ ዘጉብኝና ቆምኩ። መንገዱ ሲለቀቅ ባዳምጥ ምንም ድምፅ የለም። ጠፋችብኝ ይሆን? የለመድኩት አሮጌ ሚኒባስ ነውና ግራ እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ይፈልጋል።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች አይተውኝ ከኋላ ተደረደሩ። "አይዞህ ልጄ፣ እንገፋልሃለን፤ አንተ ብቻ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። አልጠፋችም እንዳልል እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ነዳጅ መስጫውን ነካ ባደርገው ከወንበሩ አጣብቃኝ ተፈተለከች። በመስታወት ሳይ ሰዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀርተዋል። ደንግጬ ቆምኩ። ሽማግሌው እያለከለኩ ደረሱና ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጠፍ አድርገው ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ተጣሩ፦

"ኑ፣ ደግማ ጠፍታበታለች።"