ቃል መብራት አያሻውም

ከወልድያ ወደ ላሊበላ በሚወጣው የጭነት መኪና ላይ፣ አንዲት የወልድያ ሴት አጠገቧ ለተቀመጡ መሪጌታ ብሶቷን ስታወራ እሰማለሁ።

«የመብራቱ ሂሳብ አስመረረኝ፣ የኔታ። ሁለቱ ልጆቼ ሲያጠኑ ያመሻሉ። እንግዲህ እኔ ማታ ማታ የማጠናውን መሠረተ ትምህርት ልተወው ነው።»

«ኧረ ምን በወጣሽ! እኛ ዘንድ ንባብ በቀን ነው። ማታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን በቃል እንማራለን።»

«ያለ መብራት?»

«ቃል ምን መብራት ያሻዋል? አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል።»

«እኔ ፊደሉን እንኳ አልጨረስኩ። ልጆቼ ሲሉ ቢሳሳቱ በምን ላርማቸው?»

«አታርሚያቸው፤ ተቀበያቸው። ቀን ያነበቡትን ይበሉልሽ፣ ተከትለሽ በይ። ሲነጋ ፊደሉን ስታዪው ድምፁን ታውቂዋለሽ።»

ሳቀች። «መብራቱን አጥፍተን ሦስታችንም እንማራለን በሉኛ!»

እኔም ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ፣ በልጅነቴ ጥዬው የጠፋሁትን የቃል ትምህርት ከመጀመሪያው በልቤ ማለት ጀመርኩ።