የተጸለየበት ካንዴላ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ከበደች ጥሩነህ
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ አትክልት ቸርቻሪ
የትምህርት ደረጃ፦ የጎልማሶች ትምህርት፤ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ
አድራሻ፦ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት 4፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ኢዮሲያስ ጌታሁን በሞተር ሳይክል አደጋ ስለ መሞቱ
ተጠርጣሪ፦ ባጫ ያደሳ፣ የሞተር ሳይክል መካኒክ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ነው። ሟች ኢዮሲያስ ጌታሁን የወለድኩት ልጄ ነው። ተጠርጣሪውን ባጫ ያደሳን የማውቀው በጉርብትና ነው። ጋራዡ ከቤታችን በር ፊት ለፊት ነው። እኔ በራችን ላይ ሽንኩርትና ድንች ዘርግቼ ስለምውል የሚሠራውን አያለሁ፣ የሚናገረውን እሰማለሁ። ከእሱ ጋር ጠብም ዝምድናም የለኝም። አቤቱታውን ያቀረበችው የልጄ ሚስት ጸሎት መሆኗን አውቃለሁ። ባጫ ለሞተሩ የማይሆን ካንዴላ ገጥሞ ባሌን ገደለው ብላለች። ካንዴላውን የገጠመው ባጫ ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ፣ እሱ ነው። ነገር ግን ቃሌ እዚህ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

ልጄ የዕቃ ማድረሻ ፈቃድ ባለው ሞተር ሳይክል ከዳቦ ቤት ዳቦ እየተረከበ በየሱቁ ያከፋፍል ነበር። ሞተሩ አሮጌ ሲሆን፣ ዘይትና ቤንዚን ተደባልቀው አብረው የሚቃጠሉበት፣ ቱ ስትሮክ የሚባለው ዓይነት ነው። ልጄ ከአንዱ ሱቅ ወደሚቀጥለው ትንሽ ነድቶ ስለሚቆም ሞተሩ እንደሚገባው ሳይሞቅ ይውላል። ከመስከረም በኋላ ጭሱ በዛ፤ ጠዋት ጠዋትም አልነሳ ይል ጀመር። ልጄ በመጣ ቁጥር ጋራዡ በር ላይ የሚቀመጡት ልጆች “ኢዮስ መጣ፣ መስኮት ዝጉ!” ይሉት ነበር። አንደኛው “ሞተር ነው ወይስ የትንኝ መርጫ?” ሲለው ልጄም አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም ነበር። ባለሱቆቹ ዳቦው ረፍዶ ስለሚደርሳቸው ሌላ ሰው እንይዛለን ብለውት ነበር።

የጸሎት ኅብረታችን በየሰው ቤት በተራ ይሰበሰባል። በጥቅምት መጨረሻ ተራው የእኛ በሆነ ጊዜ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ተገፍቶ ገባ፤ እጅ ተጫነበት፣ ዘይትም ተቀባ። እኔም እጄን ጭኜ ከልቤ ጸልያለሁ። በማግስቱ አልተነሳም። ልጄ የዳቦውን ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ ሄደ።

ኅዳር 3 ቀን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሞተሩን እየገፋ ባጫ ጋ ወሰደው። ባጫ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ሲያሳየው እኔም ተነስቼ አየሁ። ጫፉ በእርጥብ ጥላሸት ጠቁሯል። ባጫ፣ ይህ ካንዴላ ቀዝቃዛ የሚባለው ነው፣ ሙቀቱን ቶሎ ለሞተሩ ራስ ይለቃል፣ አንተ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር በዝግታ ስለምትዞር ጥላሸቱን የሚያቃጥልበት ሙቀት አያገኝም ሲል አስረዳው። ቀጥሎ ሌላ ካንዴላ አወጣና፣ ይኼ ትኩስ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ ለዳቦ ሥራህ ይሆንሃል አለው። አሮጌውን በቤንዚን አጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠው። ሲሰጠው የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። “ኢዮስ ስማኝ። ይኼ የሰፈር ነው። ከከተማ የምትወጣ ከሆነ የድሮውን መልሰህ ግጠም። ጭነህ ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ከሰጠኸው ይኼኛው ፍም ነው የሚሆነው። ብልጭታ እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ በራሱ ጊዜ ቤንዚኑን ያነደዋል። ፒስቶኑን ይበሳልሃል።” ልጄም “እሺ ባጬ፣ መካኒክ ነህ ሰባኪ?” ብሎ ሳቀ። ባጫ ወደ እኔ ዞሮ “እትዬ ከበደች፣ እርስዎም ሰምተዋል” አለኝ። ሰምቻለሁ።

ከረቡዕ ጀምሮ ሞተሩ በአንድ ምት ይነሳ ጀመር። ጭሱም ቀነሰ። ኅዳር 8 ቀን እሑድ ልጄ ጉባኤው ፊት ወጥቶ፣ ሞተሬ ሞቶ ነበር፣ ተጸልዮበት ተነሳ ሲል መሰከረ። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። የባጫን ስም አልጠራም። ቤት ስንገባ፣ ካንዴላውን የቀየረው ባጫ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። “እማዬ፣ እግዚአብሔር በባጫ እጅ ሠራ። ምን ልዩነት አለው?” አለኝ። ዕለቱን ልዩነቱ አልታየኝም። ሰው ልጁ ሲከበር ደስ ይለዋል።

ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ሆለታ ለተዘጋጀ ጉባኤ በሚኒባስ ይሄዱ ነበር። የድምፅ ማጉያው መኪናው ውስጥ አልገባ ስላለ ልጄ በሞተሩ ልጫነው አለ። የተነሳው ሞተር ራሱ ይሂድና ይመስክር ብለው ተሳሳቁ። ማጉያው ከኋላው ሲታሰር ባጫ ጋራዡን እየከፈተ ነበር። ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ሆለታ ሲባል መፍቻውን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

“ካንዴላውን ቀይረሃል?” አለው።

“የተጸለየበት ነው!” ብሎ ልጄ ለሚኒባሱ ጮኸ። ከውስጥ አጨበጨቡ። ጌድዮን የሚባለው የመዘምራኑ መሪ በመስኮት ብቅ ብሎ “ባጬ፣ አንተም ግባና አብረን እንሂድ፣ ትድናለህ!” አለው። ባጫ “እኔ ለመዳን አልቸኩልም፣ እሱ ይውረድ። ቶሎ ነው የምጨርሰው” ብሎ መለሰ። ልጄን እጁን ያዘው። እኔም ውረድ፣ ይቀይርልህ አልኩት። ያን ጊዜ ልጄ ጎንበስ ብሎ እኔና ባጫ ብቻ በምንሰማው ድምፅ “ጉባኤ ፊት ተፈወሰ ብዬ መስክሬ፣ እነሱ እያዩኝ ልፍታው? ምን ሊሉኝ ነው?” አለ። ከዚያ ለእኔ “እማዬ፣ አንቺም ትጠራጠሪያለሽ?” አለኝ። ባጫ እጁን ለቀቀው። “እሺ፣ ቢያንስ ዳገት ላይ ቀስ በል፤ እያረፍክ ሂድ” አለው። ልጄ አስነስቶ ሄደ። በአንድ ምት ነው የተነሳው።

አደጋውን በዓይኔ አላየሁም። የነገረኝ ጌድዮን ነው። ቡራዩን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ሚኒባሱ ከልጄ ጎን ጎን እየሄደ በስልክ ይቀርጹት ነበር። ልጄም እጁን እያውለበለበ ጋዝ ሰጥቶ ሊቀድማቸው ሞከረ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ብረት ብረትን የሚመታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ሞተሩ ቀጥ ብሎ የኋላውን ጎማ ቆለፈውና ልጄን አሽቀነጠረው። ከወደቀ በኋላ አልተናገረም።

ዛሬ በፖሊስ ጣቢያው ከሞተሩ የተፈታ ካንዴላ ቀርቦልኝ አይቻለሁ። ጫፉ እንደ አመድ ነጥቶ ቀልጧል። ቁጥሩ 6 መሆኑን ራሴ አንብቤአለሁ። ከመቀመጫው ሥር በላስቲክ እንደተጠቀለለ የተገኘው ቁጥሩ 8 ነው። ባጫ በዚህ ዓይነት ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሙቀት ይይዛል ብሎ የነገረን ስለሆነ፣ የተገጠመው ትኩሱ ነው፤ ያልተነካው ቀዝቃዛው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ ብዬ ነበር። ልጄን የገደለውን ብረት ቁጥር እንዳነብበት አልነበረም።

በለቅሶው ላይ ያ ያጨበጨበ ሁሉ የጠላት ሥራ ነው አለ። ጠላት ማን ነው ሲባል ወደ ጋራዡ ያያሉ። ባጫ የእኛ ጉባኤ ሰው አይደለምና። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከበር መለሱት። ጸሎት ትናንት እኔ ጋ ቁጭ ብላ “እማማ፣ ይዋሹ አላልኩዎትም። ‘ገጥሞታል’ ይበሉና ዝም ይበሉ። ይኼ ውሸት ነው?” አለችኝ። ውሸት አይደለም አልኳት። “እንግዲያው ሌላውን ለምን ይጨምራሉ? ባሌ ለጭብጨባ ብሎ ሞተ ተብሎ ይነገር?” አለችኝ። ቀጥላም፣ ጨምረው ከተናገሩ ሶሊን አያዩዋትም አለችኝ። ሶሊ አራት ዓመቷ ነው። የልጄ ልጅ ናት፤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ወደዚህ ልመጣ ስነሳ ጸሎት የልጅቷን ልብስ በፌስታል እየከተተች ነበር። አልለመንኳትም። ብለምናት የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁና።

እውነቱን ለመናገር ባጫ በደለኛ ሆኖ ቢገኝልኝ ይቀለኝ ነበር። በየቀኑ የምረግመው ሰው ይኖረኝ ነበር። አሁን ማንን እረግማለሁ? ልጄን አልረግምም። ያጨበጨቡትን እንዳልረግም እኔም እሑድ ዕለት እልል ብያለሁ። ባጫ ግን ለሰፈር ሥራ የሚሆነውን ካንዴላ መርጦ ገጠመ፤ ለሩቅ መንገድ የሚሆነውን በእጁ ሰጠ፤ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ፤ እጁንም ያዘ። በዚህ ሊታሰር አይገባውም።

ሌላ የምትጨምሩት አለ ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ ባጫ የሚፈታ ከሆነ በእኛ በር በኩል ሲያልፍ እንዳያናግረኝ ይነገርልኝ። ሰላም እንዳይለኝ። አይዞዎት እንዳይለኝ። በሌላ መንገድ ይሂድ አልልም፤ ወደ ጋራዡ የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም።

ከዚህ በላይ የሰፈረውን በራሴ ዓይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ፤ ያልኩት ሁሉ ተጽፏል፤ ያላልኩት አልገባበትም። ማንም አላስገደደኝም። የተናገርኩት እውነት ነው፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግን ለእኔ በተሻለኝ።

የምስክር ፊርማ፦ ከበደች ጥሩነህ (በጣት አሻራ ፋንታ በራሳቸው እጅ የፈረሙት)

ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ሌሊሴ ደሜ፣ ፊርማ